በራሱ ምክንያት

ወጌሻ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቁርጭምጭሚት ያሸሁ፣
ወለምታን በአውራ ጣቴ አዳምጬ የመለስሁ።
ጅማት ስሜን ያውቀዋል፣ አጥንት ይታዘዘኛል፤
ራስን ግን፣ እናንተው፣
ራስን ማን ያሸዋል?

አዱኛ ገመቹ። አራት ቁጥር። ተከላካይ።
ኳስ መሬት የማያስነካ፣ የሚመልስ ከሰማይ።
ካታንጋ «ግንባሩ!» እያለ በጩኸት ሲያሰክረው
ግንባር እንደ ጫማ ሶል እንደሚያልቅ ማን ነገረው።

እሁድ ነው፤ ከሚስማር ተራ በኩል ማዕዘን ተመታ፤
ሁለት ራስ አንድ ኳስ ፈለገ፤
ኳሷ በመሐል አመለጠች፣ ወጣች ወደ ውጭ።
የቀረው ድምፅ ነበር፣
ጥላ ፎቅ ድረስ የተሰማ፣
ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ።

ባልዲና ስፖንጄን ይዤ ደረስሁ።
ዐይኑ ተከፍቷል፤ ውስጡ ሰው የለም፣
እንደ ተከፈተ ሱቅ፣ ባለሱቁ የትም።
«ስንት ነው?» አልኩት ሦስት ጣት አውጥቼ።
«ማን ይመራል?» አለኝ።
ከመስመሩ ጥግ አሰልጣኙ ይጮኻል፤
«ቁምላቸው! ይችላል?»
ቅያሪ አልቋል። ሰዓቱ ይሄዳል።
እኔ፣
(እዚህ ጋ ስደርስ ነው ሁልጊዜ ምራቄን የምውጠው)
አውራ ጣቴን አነሣሁ።
ወለምታ አዳማጩ፣ አጥንት የሚያነበው፣
ሠላሳ ዓመት ያላሳፈረኝ ጣቴ
ያን ቀን ዋሸ።

ሠላሳ አንድ ደቂቃ ተጫወተ። አሸነፍን።
አውቶቡስ ውስጥ አራት ጊዜ «ማን አሸነፈ?» ሲለን
ሳቅን።
እኔም ሳቅሁ፤ ጮክ ብዬ።

ከዚያማ ብርሃን ይወጋው ጀመር፣ መጋረጃ ያዘጋል፤
በባቡር ሲመጣ ስታዲየምን አልፎ እስጢፋኖስ ይወርዳል፤
ቆሞ ጫማውን ያያል፣ የመጣበትን ይፈልጋል።
ጉልበቱ ቢሆን ኖሮ ክራንች ይመሰክርለት ነበር፤
እግር ሲሰበር ሰፈሩ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣
ራስ ሲሰበር ግን
«ሰክሮ ነው» ይባላል።
ያ የማዕዘን ምት አልፎ አልፎ ውል ይለዋል፤
እንደ ልቃቂት ይጎትተዋል፣
ውሉ ግን ጠፍቷል።

ሌላኛው ውል አለ፤
የሁለት ዓመት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አሥራ አንድ ወር የቀረው።
ሚስቱ ፈትለወርቅ በፌስታል ጠቅልላ፣
ከለገሃር ጀርባ፣ ሊፍት የማይሠራበት አራተኛ ፎቅ፣
ልጇን አዝላ ወጣች።
ጸሐፊው መነጽሩን ወልውሎ አንቀጽ ዘጠኝን አነበበላት፦
«ተጫዋቹ በራሱ ምክንያት ጨዋታ ያቆመ እንደሆነ
ክለቡ ቀሪውን ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም።»
«እስቲ ድገመው» አለች።
ደገመው።
«በራሱ» አለች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አኑራ።
«ልክ ነህ ወንድሜ። በራሱ ነው።»

ከመዝገቡም የዚያን እሁድ ወረቀት አወጣላት፦
«ታይቷል። ደህና ነው።» ከሥሩ ፊርማ፤
የኔ ፊርማ።
ለአዱኛ ዋስ ያጣው ውል
ለክለቡ እኔን ዋስ አገኘ።

አሁን ስታዲየሙ በቆርቆሮ ታጥሯል፤
ከሥሩ ማልያ በሚሸጥበት መደዳ
አዱኛ ይመጣል፣ ቀን እየሳተ፣
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ።
ስሜን አልረሳም፤ ይህም የኔ ቅጣት ነው።
«ጋሽ ቁምላቸው፣ ማን ይመራል?»
«እኛ» እለዋለሁ።
ደስ ይለዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤
ወዲያው ራሱን ይይዛል።

ትናንት ፈትለወርቅ መጣች። አልሰደበችኝም።
«ያየኸውን ጻፍልኝ፣ ያየኸውን ብቻ» አለች።
ነገ ሦስት ሰዓት፣ ከደረጃው ሥር፣ እጠብቅሻለሁ ብያታለሁ።
ብያታለሁ።
ጡረታዬ ሰባት ወር ቀርቶታል።
አውራ ጣቴ
ኪሴ ውስጥ ነው።